«ሲስተም የለም»፦ አማናው የማን ነው?



ከጊንጪ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ጉዳይ ኖሮት ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አጭር መልስ አለች፦ «ሲስተም የለም»። ድንቹን ሸጦ የተላከለትን ብር ሊያወጣ ከጀልዱ የመጣ ገበሬ ይህችኑ ሰምቶ ይመለሳል። ለሕክምና የሚሆን ብር ከልጇ የተላከላት እናት ጌዶ ላይ ይህችኑ ትሰማለች። እኛም ቤተሰብ «ልከናል፣ ገብቷል?» ብሎ ሲደውልልን ከዶርም ወጥተን፣ ግማሽ ቀን ተሰልፈን፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ የምንሰማው እሷኑ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ምን ታድርግ? መብራት አለ፤ ኮምፒውተሩም በርቷል፤ እሷም ሥራዋ ላይ ናት። «የለም» የተባለው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ነገር አይደለም።

እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ተማሪዎችም ይህን ስንሰማ እንደማንኛውም ሰው ተበሳጭተን እንወጣለን። ዱዓ የምናደርግም አለን፣ የምንሳደብም አለን። አንድ ጥያቄ ግን ሳንጠይቅ እናልፋለን፦ ይህ «ሲስተም» የሚባለው ነገር የማን ሥራ ነው? ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው ያቀደው፣ ሰው የገዛው፣ ሰው የገጣጠመው ነገር ነው። ይህን አጠቃላይ ዕቅድ የሚይዝ ሙያ አለ፤ ኢንተርፕራይዝ አርክቴክት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንለው አጭር ነው፦ ይህ ሙያ በዘመናችን ከከባድ አማናዎች አንዱ ነው፤ ከመካከላችንም አስበውበትና ተዘጋጅተው ወደዚያ የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች ሊኖሩ ይገባል።

ሙያው ምንድን ነው?

አርክቴክት ሲባል ብዙዎቻችን የቤት ፕላን የሚያወጣ ሰው ይታየናል። ኢንተርፕራይዝ አርክቴክት ግን የከተማ ማስተር ፕላን ከሚያዘጋጅ ሰው ጋር ይቀራረባል። አንድ ቤት ብቻውን ቢያምር ዋጋ የለውም፤ መንገዱ፣ ውኃው፣ መብራቱና የፍሳሽ መስመሩ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ሰፈሩ አይኖርበትም። ትልልቅ ድርጅቶችም እንዲሁ ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጊንጪ ያለ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ሠራተኛዋ የሒሳብ ቁጥር ስታስገባ ጥያቄው በቴሌኮም መስመር አዲስ አበባ ወዳለው ዳታ ሴንተር ይሄዳል። እዚያ ዋናው የባንክ ሶፍትዌር ሒሳቡን ይፈትሻል፣ ይመዘግባል፣ መልስ ይልካል። ከዚሁ ሶፍትዌር ጋር ደግሞ ኤቲኤሙ፣ የሞባይል ባንኪንጉ፣ አጭር መልእክት የሚልከው ክፍል፣ ባንኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች፣ እንደ ቴሌብር ያሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ሁሉ ይያያዛሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተገዙም፤ ከአንድ አቅራቢም አልመጡም። ቤተሰብ እየበዛ ሲሄድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ላይ ሰርቪስ እንደሚቀጠለው፣ ድርጅቱም ባደገ ቁጥር አንድ አንድ እየተቀጠሉ የመጡ ናቸው። ከጊዜ በኋላ የትኛው ግድግዳ የትኛውን ጣሪያ እንደተሸከመ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። አንዱን ለማደስ ሲነካካ ሌላው ይፈርሳል።

ኢንተርፕራይዝ አርክቴክት ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። ሥራውን በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። መጀመሪያ ድርጅቱ ምን ይሠራል፣ ለማን ይሠራል ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ለዚያ ሥራ ምን ዓይነት መረጃ ያስፈልጋል፣ የመረጃው ባለቤት ማን ነው ይላል። ሦስተኛው መረጃውን የሚይዙት ሶፍትዌሮች የትኞቹ ናቸው የሚለው ነው። ሰርቨሩ፣ መስመሩና ማሽኑ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ጆን ዛክማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን አስተሳሰብ መሠረት ጣለ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚሠራበት ቶጋፍ የተባለው መመሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። እኛ በትምህርታችን ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ደረጃ እንጀምራለን። ማሽኑን እናውቃለን፤ ማሽኑ የሚያገለግለውን ሥራ ግን ጠይቀን አናውቅም።

የዚህ ሰው የቀን ውሎ ፊልም ላይ እንደምናየው ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ማዝነብ አይደለም። ይስላል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ስብሰባ ይቀመጣል። «አምቦ ላይ መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ቢቆረጥ ቅርንጫፉ በሌላ መስመር ይሠራል ወይ? ሁለተኛ መስመር ከሌለ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ትንሽ ብር እንኳ የሚከፍልበት ሥርዓት አለ ወይ? ባክአፑ የት ነው ያለው? ለመጨረሻ ጊዜ ባክአፑን መልሶ ለመጫን የተሞከረው መቼ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ያሰለቻል፤ ወጪም ያስወጣል። ነገር ግን ጀልዱ ያለው ገበሬ ገንዘቡን ይዞ መመለሱ ወይም ባዶ እጁን መመለሱ የሚወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

የ2016 ረመዳን

ይህ ሙያ ምን ያህል አማና እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የ2016 ረመዳን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ሌሊት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ምክንያት ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን ገለጸ፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ተናገረ። በዚያች ሌሊት ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች መፈጸማቸውን፣ ያለ አግባብ የተወሰደው ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን የባንኩ አመራሮች ይፋ አደረጉ። በኋላም አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ተለጠፈ።

በዚያ ዜና ውስጥ ስሙ በብዛት የተነሳው ማን ነበር? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ! ወሬው በስልክና በቴሌግራም ከዶርም ዶርም ተዛመተ፤ በተለያዩ ግቢዎች ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተሠራ። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። እኛም ሱሁር ላይ፣ ከዚያም ለብዙ ቀናት ኢፍጣር ላይ ተከራክረናል። «የባንክ እንጂ የሰው ገንዘብ አይደለም» ያለ ነበር። «ባንኩ ራሱ ሪባ ይበላ የለ እንዴ?» ያለም ነበር። «በኋላ እመልሰዋለሁ» የሚልም አልጠፋም። መልሱ ግን መድረሳ ገና አሊፍ ስንቆጥር የተማርነው ነው። የራሳችን ያልሆነ ገንዘብ በማሽን ስህተት እጃችን ስለገባ የራሳችን አይሆንም። የሌላው ጥፋት ለእኛ እጅ ፈቃድ አይሆንም። ይህን ዑለማዎቻችንና ኡስታዞቻችን በጊዜው በደንብ አስተምረዋል፤ አላህ ይመንዳቸው።

ይህን ዛሬ የምናነሳው ግን የወሰዱትን እንደገና ለመውቀስ አይደለም። ያ ሁሉ ክርክር የተካሄደው ኤቲኤሙ ፊት ስለቆመው ሰው ብቻ ነበር። ከኤቲኤሙ ጀርባ ስላለው ሥራ ማንም አልተናገረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን የምንቆመው ከፊት አይደለም፤ ከጀርባ ነው። በዚያን ጊዜ አማናችን ብር አለመውሰድ ብቻ አይሆንም። ሚሊዮኖች የሚያድሩበት ሲስተም ላይ ለውጥ ከመልቀቃችን በፊት በቅጂው ላይ ሞክረናል ወይ? መጀመሪያ ለጥቂት ተጠቃሚ ለቀን አይተናል ወይ? ነገሩ ቢበላሽ ወደ ቀድሞው የምንመለስበት መንገድ አዘጋጅተናል ወይ? ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅና «አቁሙ» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው መድበናል ወይ? እነዚህ ቴክኒካዊ ጥያቄዎች ይመስላሉ። በእኛ እይታ ግን የአማና ጥያቄዎች ናቸው። ስህተታችን ስንቱን የ20 ዓመት ወጣት በረመዳን ሌሊት ፈተና ላይ እንደሚጥል አስቡት።

ይህ ዓይነቱ ችግር የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ቲኤስቢ የተባለ የእንግሊዝ ባንክ 5 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ደንበኞቹን መረጃ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ለማዛወር ወሰነ። ሰኞ ሲነጋ 1.9 ሚሊዮን የሚሆኑት ሒሳባቸው ውስጥ መግባት አቃታቸው፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል ወራት ፈጀ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪዎች በ2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። በዚህ አላበቃም። በ2023 የቀድሞውን የባንኩን የመረጃ ቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ በስሙ 81,620 ፓውንድ ቀጡት፤ ምክንያቱም ሥራውን የሰጠው ድርጅት ዝግጁ መሆኑን በበቂ ሁኔታ ሳያረጋግጥ አልፏል ተባለ። እዚያ አገር የዱንያው ሕግ እንኳ «ኮሚቴው ነው የወሰነው» ብሎ መሸሸግን አልፈቀደም። እኛ ደግሞ ከዱንያው በኋላም ሒሳብ እንዳለ እናምናለን።

ከእኛ ታሪክ አንድ ገጽ

አንዳንዶቻችን «ይህ የፈረንጅ ሙያ ነው፣ ከዲናችን ጋር ምን ያገናኘዋል?» እንል ይሆናል። እስቲ መድረሳ የተማርነውን ታሪክ በኢንጂነር ዓይን እንመልከተው።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በሂጅራ 20 ዓመት ገደማ ዲዋንን አቋቋሙ። ግዛቱ ሰፍቶ፣ ገንዘቡ በዝቶ፣ ማን ምን እንደተሰጠው በቃል መያዝ የማይቻልበት ደረጃ ላይ ተደርሶ ነበር። ዲዋኑ የሰዎችን ስም፣ የሚሰጣቸውን ድርሻና የገባውን ገንዘብ የሚይዝ መዝገብ ነበር። በየአገሩ የግብር መዝገቦች ግን ከቀድሞዎቹ መንግሥታት በተወረሱት ቋንቋዎች መጻፋቸውን ቀጠሉ፤ ኢራቅ በፋርስኛ፣ ሻም በግሪክኛ። አሮጌውን በአንድ ሌሊት አላፈረሱትም፤ እየሠራ ስለነበር እንዲሠራ ተዉት።

ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን (ከ65 እስከ 86 ዓ.ሂ. የገዛው) መዝገቦቹ ወደ ዐረብኛ እንዲዞሩ አዘዘ። በኢራቅ ሥራውን የያዘው ሳሊሕ ኢብን ዐብዱረሕማን የተባለ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ጸሐፊ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው አል-በላዙሪ እንደዘገበው አሮጌውን መዝገብ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች «ክፍልፋይ ቁጥሮቹን እንዴት አድርገህ ትጽፋቸዋለህ?» ብለው ፈተኑት፤ መለሰላቸው። ከዚያም «አልቻልኩም በል» ብለው 100 ሺህ ዲርሃም አቀረቡለት፤ እምቢ አለ። ግብፅ ላይ ሥራው የተፈጸመው ዐብዱልመሊክ ከሞተ በኋላ በ87 ዓ.ሂ. ሲሆን ኹራሳን ላይ ደግሞ እስከ 124 ዓ.ሂ. ቆየ።

ይህን ታሪክ ከአንድ የዘመኑ ድርጅት ጋር አነጻጽሩት። አሮጌ ሲስተም አለ፤ እሱን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች ለውጡን አይፈልጉትም፤ ሥራው በየአካባቢው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅና በገንዘብ የማይገዛ ሰው ያስፈልጋል። ሳሊሕን ያስመሰገነው ዕውቀቱ ብቻ አልነበረም። ዕውቀት ኖሮት «አይቻልም» ቢል ኖሮ ማን ያውቅበት ነበር? ዛሬም «አይቻልም» እያሉ አሮጌውን ማቆየት፣ ወይም ለኮሚሽን ብለው የማያስፈልገውን «ይገዛ» ማለት ማንም የማያይባቸው በሮች ናቸው። በሱረቱል በቀራ የዕዳ አንቀጽ፣ ማለትም በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ ዕዳ በፍትሕ በሚጽፍ ጸሐፊ እንዲጻፍ መታዘዙን እናውቃለን። በዘመናችን ዕዳን፣ ደመወዝንና ውርስን የሚጽፈው ካቲብ ብዕር የያዘ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዳታቤዙን ያቀደው ሰውም ነው።

እኛ ይዘነው የምንሄደው

ይህን ሥራ የውጭ አማካሪ መጥቶ ቢሠራው የማያያቸው፣ እኛ ግን ኖረንባቸው የምናውቃቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስም ነው። ከመካከላችን ሙሐመድ የሚባል ወንድም የሌለው ማን ነው? ይህ ወንድማችን የ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ በቁቤ አንድ ዓይነት ይጻፋል፤ የቀበሌ መታወቂያው ላይ በአማርኛ «መሐመድ» ይሆናል፤ ባንክ ሲሄድ በእንግሊዝኛ ሌላ ይሆናል። ሦስት ሲስተም ውስጥ ሦስት ሰው ነው ማለት ነው! ተመርቆ ሥራ ሲያመለክት «ስምህ አይመሳሰልም» ተብሎ ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይተናል። እህቶቻችን ፋጡማና ፋጢማ፣ ዘይነብና ዜነቡ እየተባሉ እንዲሁ ይቸገራሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ አንድን ሰው በአንድ ቁጥር መለየት የሚያስችለው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን በየድርጅቱ የተከማቸውን የቆየ መረጃ አያስታርቅም። ያንን ማስታረቅ የአርክቴክቱ ሥራ ነው፤ የአባቶቻችንን ስም አጻጻፍ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የተሻለ ይሠራዋል።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ከውጭ የሚገዛው ሶፍትዌር 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰዓታችን ከፈረንጅ ሰዓት በስድስት ይለያል። ዘካ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ዓመቱን የሚቆጥረው በሂጅራ ነው። የልደት ቀኑ አንዱ ቦታ በእኛ፣ ሌላው ቦታ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጀ ወይም የወጣ ሰው እናውቃለን። መጀመሪያ ሲታቀድ ካልታሰበበት በኋላ ማረም እጅግ ውድ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ከወለድ ነፃ ባንክ ነው። በባንኮች ውስጥ ከወለድ ነፃ መስኮቶች ተከፍተዋል፤ በ2013 ደግሞ ዘምዘም ባንክ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። አልሐምዱሊላህ! አባቶቻችን ለዓመታት ሲጠይቁት የነበረ ነው። ነገር ግን ከወለድ ነፃ መሆን በሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ አይረጋገጥም። በመደበኛ የባንክ ሶፍትዌር ውስጥ ብድር ማለት በየቀኑ ወለድ የሚያስብ ቀመር ነው፤ ከዘገየ ቅጣቱ በራሱ ጊዜ ተደምሮ የባንኩ ገቢ ይሆናል። ሙራበሐ ግን ሽያጭ ነው። ባንኩ ዕቃውን መጀመሪያ መግዛትና በእጁ ማድረግ አለበት፤ ከዚያ ነው ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው የሚሸጠው፤ ዋጋው አንዴ ከተወሰነ በኋላ አይጨምርም።

ታዲያ ሲስተሙ የግዢው ሰነድ ሳይመዘገብ የሽያጩን ውል የሚቀበል ከሆነስ? ሥራ የበዛበት ሠራተኛ ሁለቱን ውሎች በአንድ ቀን አስፈርሞ ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠውስ? የሸሪዐ አማካሪዎቹ በዓመት አንዴ መርምረው ያገኙት ይሆናል፤ ላያገኙትም ይችላሉ። ግዢው ካልገባ ሽያጩ እንዳይከፈት አድርጎ ያቀደ አርክቴክት ካለ ግን ስህተቱ ከመጀመሪያውም አይፈጠርም። የመስኮቱ ገንዘብ ከወለዱ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀልም የሚለየው ግድግዳ የሚሠራው ሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ነው። ይህን ለመሥራት ፊቅሁል ሙዓመላትንም ዳታቤዝንም የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ኡስታዞቻችን የመጀመሪያውን ያውቃሉ፤ መምህሮቻችን ሁለተኛውን ያውቃሉ። መድረሳም የመንግሥት ትምህርት ቤትም ያለፍን እኛ ካልሆንን ሁለቱን የሚያገናኝ ማን ነው?

የሚነሱ ጥያቄዎች

«ብዙው ሥራ ያለው በወለድ ባንክ ውስጥ አይደለም ወይ?» ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አቃለን አናየውም። የሪባን ውል በሚጽፍ ሰው ላይ ሐዲሥ ውስጥ የመጣውን ከባድ ማስጠንቀቂያ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ፈትዋ የምንሰጥ ሰዎች አይደለንም፤ ሥራ ከመያዛችን በፊት ዝርዝሩን ይዘን የምናምናቸውን ዓሊሞች እንጠይቅ። ማለት የምንችለው የሙያው ሜዳ ከባንክ የሰፋ መሆኑን ነው። ሆስፒታል የታካሚ መዝገብ አለው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ መዝገብ አለው፤ መብራት ኃይል፣ ቴሌኮም፣ አየር መንገድ፣ ገቢዎች፣ የመሬት አስተዳደር ሁሉም ይህን ሰው ይፈልጋሉ። ከወለድ ነፃ ባንኮቹም ይፈልጉታል።

«ተመርቀን ወዲያው እንቀጠራለን ወይ?» አንቀጠርም። ይህ ሙያ በፍሬሽ ምሩቅ የሚያዝ አይደለም። ሰው በኔትወርክ፣ በዳታቤዝ ወይም በሶፍትዌር ይጀምራል፤ የሲስተም ተንታኝ ይሆናል፤ የአንድ ፕሮጀክት አርክቴክት ይሆናል፤ የድርጅቱን ሁሉ ካርታ እንዲይዝ የሚታመነው ብዙውን ጊዜ ከአሥር ዓመት ግድም በኋላ ነው። ሰብር የሚጠይቅ መንገድ ነው። ስሙም በሥራ ማስታወቂያ ላይ ብዙ አይወጣም፤ ሥራው ግን በሌላ ስም አለ።

«ያለ ዘመድ ማን ያስገባናል?» ይህን ምሬት እንካፈላለን፤ ውሸት ነው አንልም። ነገር ግን ሲስተም ወድቆ ደንበኛ ሲጮህ አለቃው የሚፈልገው ዘመዱን አይደለም፤ የሚያነሳውን ሰው ነው። ዕውቀቱ ካለን አንድ ቀን እንፈለጋለን።

ከዛሬ ምን እንጀምር?

ብዙዎቻችን በ2016 ክረምት በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተመዝግበን ሰርተፍኬት ይዘናል። ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከዲፓርትመንታችን ውጭ ያለ የሒሳብ አያያዝ ኮርስ እንውሰድ፤ ደቢትና ክሬዲት ሳያውቅ የባንክ ሲስተም የሚያቅድ ሰው የለም። ኢንተርንሺፕ ስንወጣ ኬብል ዘርግተን ብቻ አንመለስ፤ አንድ ጉዳይ ከበር እስከ ፋይል የሚሄድበትን መንገድ በወረቀት ስለን እንምጣ። ገበሬውን በአፋን ኦሮሞ ጠይቀን፣ ለኃላፊው በአማርኛ ጽፈን፣ ለአቅራቢው በእንግሊዝኛ ማስረዳት እንልመድ። ከኡስታዞቻችን ጋር ደግሞ የሽያጭና የሽርክና ውሎችን ምዕራፍ ለብቻው እንቅራ፤ የጠሃራን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ የጨረስን፣ የቡዩዕን ምዕራፍ አንዴም ያልከፈትን ብዙዎች ነን።

ሁሉም ነገር ከመጀመሩ በፊት ግን የራሳችንን ጓዳ እንይ። የጀመዓችን የተመራቂዎች ስልክ ዝርዝር በአንድ ወንድም ስልክ ውስጥ ነበር፤ ስልኩ ሲጠፋ ዝርዝሩም ጠፋ። የኢፍጣር መዋጮ በአንዱ ደብተር፣ ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጠው ብድር በሌላው፣ የተበዳሪው ስም በሦስተኛው ሰው ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ኮሚቴ በተቀየረ ቁጥር ከዜሮ እንጀምራለን። ያ የምንማረርበት «ሲስተም የለም» እዚሁ በእኛ እጅም አለ! እንግዲህ የዚህ ሴሚስተር ሐሳባችን ይህ ነው፦ ከየዲፓርትመንቱ ሁለት ሁለት ወንድሞችና እህቶች ተሰብስበን የጀመዓውን መዝገብ አንድ ላይ እናቅድ። ማን ምን ይጽፋል፣ ማን ያያል፣ ባክአፑ ማን ጋ ይቀመጣል፣ አዲስ ኮሚቴ ሲመጣ እንዴት ይረከባል የሚለውን በአንድ ገጽ እንጻፍ። ኤክሴል ይበቃል። የተበዳሪ ወንድማችን ስም እንዳይገለጥ የሚጠበቅበትን መንገድ መጀመሪያ እንወስን፤ ሲትር ማድረግም ከዕቅዱ ውስጥ ነውና።

የአንድ ጀመዓ መዝገብ በአማና ያልያዘ የአንድ አገር መዝገብ ሊይዝ አይችልም። በትንሹ የታመነ ግን ኢንሻአላህ አንድ ቀን ጊንጪ ወይም ባኮ ላይ ያለች እናት ብሯን በሰዓቱ ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ በአጅሩ ይካፈላል፤ እሷ ስሙን ባታውቀውም። አላህ በዕውቀታችን ተጠቃሚዎችና ጠቃሚዎች፣ በእጃችን ለገባው ሁሉ ታማኞች ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።